የኳስ ጌም ጣት ይዞ ክፍት ዓለም ጌም ለሚጀምር፦ ውጊያን እየተጫወቱ የመማሪያ ዝርዝር መመሪያ

መርካቶም ሂዱ ቆጪ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ፣ ጅማ ውስጥ ፕሌስቴሽን ቤት ስትገቡ የምትሰሙት ጩኸት በአብዛኛው የጎል ጩኸት ነው። ፊፋ ላይ ሰፈሩን የሚያሸንፍ ልጅ ኤልደን ሪንግን ወይም ስካይሪምን ሲከፍት ግን ገና ከጅምሩ ደጋግሞ ይሞትና ጆይስቲኩን ያስቀምጣል። ብዙዎች «ይሄ ጌም ለኔ አይሆንም» ብለው የሚተዉት እዚህ ላይ ነው። ነገሩ የችሎታ ማነስ አይደለም። ክፍት ዓለም ጌም (በፈለጋችሁት አቅጣጫ የምትዞሩበት) ውጊያን አስረድቶ አይሰጥም፤ ገብታችሁ፣ ተመታችሁ፣ ሞታችሁ እንድትደርሱበት ይተዋችኋል። ሞት ደግሞ ትምህርት የሚሆነው ለምን እንደሞታችሁ ለይታችሁ፣ በሚቀጥለው ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ስትቀይሩ ነው። ጎራዴውንም፣ ልብሱንም፣ ስልቱንም በአንድ ጊዜ የሚቀይር ሰው ቢያሸንፍ እንኳ በምን እንዳሸነፈ አያውቅም።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ለማንኛውም ጌም ይሠራል። ምሳሌዎቹ በብዛት ከኤልደን ሪንግና ከስካይሪም የተወሰዱት ሁለቱ የሚያስተምሩበት መንገድ ፍጹም ስለሚለያይ ነው።

መጀመሪያ ዕቃውን ፈትሹ

ብዙ እጅ ያለፈበት ጆይስቲክ ይዞ ውጊያ መማር አይቻልም። ጌሙ ከተከፈተ በኋላ ሁለቱንም ስቲኮች ልቀቁና አሥር ሰከንድ ያህል ስክሪኑን ተመልከቱ። ካሜራው ወይም ካራክተሩ በራሱ ከተንቀሳቀሰ ስቲኩ አልቋል ማለት ነው፤ ሌላ ጠይቁ። ቀጥሎ አር1ን ሃያ ጊዜ ያህል ተጫኑ፤ ስንት ጊዜ ጎራዴው እንደተሰነዘረ ቁጠሩ። የክብ ምልክት ያለበትንም ቁልፍ እንዲሁ። ከሃያው ሁለቱ እንኳ ካልሠሩ፣ በኋላ በወቅቱ ተጭናችሁ ሳለ ስትሞቱ ራሳችሁን ትወቅሳላችሁ።

ቲቪው ሁለተኛው ነው። ዘመናዊ ቲቪዎች ምስሉን ለማሳመር ሲያቀነባብሩ ምስሉ ይዘገያል። በሴኮንድ 30 ምስል በሚያሳይ ጌም አንዱ ምስል ስክሪኑ ላይ የሚቆየው 33 ሚሊሴኮንድ ያህል ነው፤ ቲቪው 100 ሚሊሴኮንድ ካዘገየ ጠላት እጁን ሲያነሳ የምታዩት ከሦስት ምስል በኋላ ነው። የቲቪውን ሪሞት ጠይቁና ከስዕል ማስተካከያው ውስጥ ጌም ሞድ የሚለውን አብሩ። የፕሌስቴሽን ቤት ባለቤት ብትሆኑ ይህን አንዴ ብቻ አስተካክላችሁ መተው ትችላላችሁ፤ ኳስ ተጫዋቹንም ይጠቅማል።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። ብዙ ምቶች ከመምጣታቸው በፊት የሚሰማ ምልክት አላቸው፤ ኩርፊያ፣ የብረት ፉጨት፣ ክንፍ መታ መታ ማድረግ። የጎል ጩኸት በሞላበት ቤት ይህ አይሰማም። የፕሌስቴሽን 4 ጆይስቲክ ከታች የተለመደው የስልክ ኢርፎን መሰኪያ አለው፤ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

በላፕቶፕ የምትጫወቱ ከሆነ የጌሙን አቅም ከማሽናችሁ ጋር አስተያዩ። በ2011 የወጣው የመጀመሪያው ስካይሪም በዝቅተኛው 2 ጊጋባይት ራምና 6 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይበቃዋል፤ ዶርም ውስጥ ባለ አሮጌ ማሽን ይሠራል። በ2022 የወጣው ኤልደን ሪንግ ግን ቢያንስ 12 ጊጋባይት ራምና 60 ጊጋባይት ቦታ ይፈልጋል። ምስሉ የሚንተባተብ ከሆነ መጀመሪያ ጥላውን ዝቅ አድርጉ፣ ቀጥሎ የስክሪኑን ጥራት። አንዴ 55 አንዴ 25 ከሚዘል ይልቅ ቀጥ ብሎ 30 ላይ የቆመ ይሻላል፤ ጣት ወቅት የሚለምደው ፍጥነቱ ካልተለዋወጠበት ነው።

የክብደት ደረጃው ምን እንደሚቀይር ሳታውቁ አትምረጡ

«ሃርድ» የሚለው ቃል በየጌሙ ሌላ ነገር ነው። ስካይሪም ውስጥ ደረጃው የሚቀይረው የጉዳት መጠንን ብቻ ነው። አዴፕት በሚባለው ደረጃ ላይ ሁሉም እኩል ነው። ኖቪስ ላይ እናንተ የምታደርሱት ጉዳት 2 እጥፍ ይሆናል፣ የሚደርስባችሁ በግማሽ ይቀንሳል። ማስተር ላይ ይገለበጣል። ሌጀንደሪ ላይ የምታደርሱት ወደ ሩብ ይወርድና የሚደርስባችሁ 3 እጥፍ ይሆናል፤ ሁለቱ ሲባዙ ከአዴፕት 12 እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ጠላቱ ግን ያው ጠላት ነው፤ የተለየ ነገር አያስብም፣ አዲስ ምት አያመጣም። ስለዚህ ስካይሪምን ሌጀንደሪ ላይ መጀመር ትዕግሥትን እንጂ ውጊያን አያስተምርም። አዴፕት ላይ ጀምሩ።

ጎስት ኦፍ ሱሺማ ተቃራኒው ነው። ሊታል የሚባለው ከባድ ደረጃው የጠላትን ጎራዴም የእናንተንም ገዳይ ያደርገዋል። ወቅት የሚይዝ ሰው ሊታል ላይ ውጊያውን ቶሎ ይጨርሳል፤ ወቅት የማይዝ ቶሎ ይሞታል። ለመማር ግልጽ የሆነ ደረጃ ቢኖር ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ስህተትና ትክክል ወዲያው ይለያሉ።

በ2015 የወጣው ዊቸር 3 ደግሞ አራት ደረጃ አለው። ከላይ ባሉት ሁለቱ፣ ተቀምጦ ማሰላሰል ደም አይመልስም። ስለዚህ ምግብና ስዋሎው የሚባለው መድኃኒት የውጊያው አካል ይሆናሉ። ይህን ሳያውቅ ሦስተኛውን ደረጃ የመረጠ ሰው ከእያንዳንዱ ግጭት በኋላ ደሙ ጎድሎ ይሄድና ጌሙን ይረግማል።

ኤልደን ሪንግ ምርጫ አይሰጥም። ክብደቱ ያለው የት እንደሄዳችሁ፣ ምን እንደያዛችሁና መቼ እንደሄዳችሁ ላይ ነው። ወደዚህ እንመለስበታለን።

ደረጃው ልክ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ሦስት ተራ ጠላቶች ያሉበት ቦታ ግቡ። ሳትመክቱም ሳትሸሹም ቁልፍ እየደበደባችሁ ካሸነፋችሁ ቀሏል፤ አንድ እርከን ጨምሩ። የጠላቱን አንድ ሙሉ ምት እንኳ ሳታዩ ከሞታችሁ ከብዷል፤ ቀንሱ። ሦስት ወይም አራት ስህተት የሚገድላችሁ ከሆነ እዚያው ቆዩ። ለመማር የሚበቃ ጊዜ አለ፤ ስህተቱም ያማል።

ጣትን ከኳስ ማስለቀቅ

ከኳስ ጌም ወደ ኤልደን ሪንግ የሚመጣ ሰው የሚሞትባቸው ሁለት ቁልፎች አሉ፤ ሁለቱንም ቀርቦ ማየት ይገባል።

የመጀመሪያው አር2 ነው። ፊፋ ላይ አር2 ተጭኖ መሮጥ ልማድ ነው፤ ሰው ሲጨነቅ ጣቱ ራሱ ይጨብጠዋል። ኤልደን ሪንግ ውስጥ አር2 ከባድ ምት ነው፣ ተይዞ ሲቆይ ደግሞ ጭራሽ ኃይል እስኪሞላ ይጠብቃል። ስለዚህ ጠላት ሲመጣ ለመሸሽ ያሰበው ልጅ ካራክተሩ ጎራዴውን ወደ ኋላ ስቦ ቆሞ ሲመታ ያያል። «ጆይስቲኩ አልሠራም» ይላል፤ ጆይስቲኩ የታዘዘውን ነው የሠራው።

ሁለተኛው ክብ ነው። በፊፋ የተለመደ አቀማመጥ ክብ ሹት ነው፤ ኃይል ለመሙላት ይዛችሁ ትቆያላችሁ። ኤልደን ሪንግ ውስጥ ክብን መትታችሁ ብትለቁ ካራክተሩ ይንከባለላል፤ ይዛችሁ ብትቆዩ ይሮጣል። ጌሙ የትኛውን እንደፈለጋችሁ የሚያውቀው ጣታችሁ ሲነሳ ነው፤ በሌላ አነጋገር መንከባለሉ የሚጀምረው ስትጫኑ ሳይሆን ስትለቁ ነው። እንደ ሹት ትንሽ የሚይዝ ጣት ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል። በትክክለኛው ሰዓት ተጭኖ የሚመታ ሰው ችግሩ ብዙ ጊዜ ይሄው ነው።

መፍትሔው ባዶ ሜዳ ላይ አሥር ደቂቃ ነው። ጠላት የሌለበት ቦታ ቁሙ። ግራ አውራ ጣት ወደ ግራ፣ ክብ ቶክ፤ ወደ ቀኝ፣ ክብ ቶክ፤ ወደ ፊት፣ ክብ ቶክ። ቀጥሎ አር1 አንዴ፣ ክብ አንዴ። አመልካች ጣታችሁ አር1 ላይ ብቻ ይረፍ፤ አር2ን ስትፈልጉ ብቻ ዝቅ በሉ። ቁልፎቹን ከሴቲንግ መቀየርም ይቻላል፤ ነገር ግን በሰው ኮንሶል የምትጫወቱ ከሆነ ዛሬ የቀየራችሁት ነገ አይኖርምና ያለውን መልመድ ይሻላል።

ሌላም አለ፦ መደርደር። ተጨንቃችሁ ክብን ሦስት ጊዜ ብትመቱ ጌሙ ተጨማሪውን ያስታውሰዋል፤ የመጀመሪያው መንከባለል ሲያልቅ ሁለተኛውን ባልፈለጋችሁበት ሰዓት ያወጣዋል። የጠላት ሁለተኛ ምት የሚያገኛችሁ ያን ጊዜ ነው። አንድ ምት፣ አንድ ቶክ።

አንድ ጠላት፣ አራት ዙር

ኤልደን ሪንግን ስትጀምሩ ካራክተር ትመርጣላችሁ። ቫጋቦንድን ምረጡ፤ ይዞት የሚመጣው ጋሻ የጎራዴና የጦር ምትን ሙሉ በሙሉ ያስቀራል። ሬችን አትምረጡ፤ በሌቭል 1፣ ያለ ልብስ፣ ዱላ ብቻ ይዞ ነው የሚነሳው። ገና መጀመሪያ ላይ ጉድጓድ አጠገብ የተቀመጠ መንፈስ ታያላችሁ፤ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ጉድጓዱ ውስጥ ዝለሉ። አይገድላችሁም፤ ከታች የመለማመጃ ዋሻ አለ፣ መጨረሻው ላይም በጣም ቀላል ቦስ (የቦታው ዋና ጠላት)።

ወደ ሜዳው ስትወጡ ከፊታችሁ ወርቃማ ፈረሰኛ ታያላችሁ። ትሪ ሴንቲነል ይባላል፤ አሁን አትንኩት። በዛፎቹ ሥር ዞራችሁ ወደ ኤሌ ቤተ ክርስቲያን ሂዱ። ጌሙ ይህን ፈረሰኛ እዚያ ያስቀመጠው መዞር እንደሚቻል ከመጀመሪያው ደቂቃ እንድታውቁ ነው፣ ብዙዎች ግን ሁለት ሰዓት ያባክኑበታል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ሰሜን ባለው ጫካ ውስጥ ተራ ወታደሮች ይዘዋወራሉ። ብቻውን የሆነ አንድ ምረጡና ቀኝ ስቲኩን ወደ ውስጥ ተጭናችሁ ሎክ አድርጉት፤ ካሜራው እሱን ይከተላል።

አንደኛ ዙር፣ አትምቱ። ጋሻ አንሥታችሁ ወይም ርቃችሁ እዩት ብቻ። እጁ መቼ እንደሚነሳ፣ ስንት ጊዜ በተከታታይ እንደሚሰነዝር፣ ከመጨረሻው ምት በኋላ ምን ያህል እንደሚቆም። ቁጠሩ፤ በአፋችሁ ጮክ ብላችሁ ብትቆጥሩ የተሻለ ይያዛል። እንደ ጭብጨባ ምት ነው፤ አንዴ ጆሮ ከያዘው እጅ ይከተላል።

ሁለተኛ ዙር፣ ሽሹ ብቻ። ሳትመቱ፣ ከአምስት ምት አራቱን እስክታመልጡ። ወደ ኋላ መሸሽ ደመ ነፍስ ነው፣ ነገር ግን ረጅም ምት ይደርስባችኋል፣ አምልጣችሁም ቢሆን ለመምታት ትርቃላችሁ። ወደ ጠላቱ ጎን፣ አለፍ ብላችሁም በምቱ ሥር ወደ ፊት መንከባለልን ልመዱ። ከዚያ ስትነሱ ጀርባው ፊታችሁ ነው።

ሦስተኛ ዙር፣ የመጨረሻውን ምት ካመለጣችሁ በኋላ አንድ ምት ብቻ መልሱ፤ ከዚያ ራቁ። ሁለተኛውን ለመጨመር ጣት ይበላል፤ አትስሙት።

አራተኛ ዙር፣ ሁለት ምት። ለሦስተኛው ጊዜ አለ ወይስ የለም የሚለውን አሁን ታውቃላችሁ።

ወታደሩ ሲሞት ግሬስ (የማረፊያው ወርቃማ ብርሃን) ላይ ሄዳችሁ አርፉ፤ ጠላቶቹ ሁሉ ይነሳሉ፣ ደማችሁም ይሞላል። ማለቂያ የሌለው የልምምድ ሜዳ ነው። በጋሻ መማር የምትፈልጉ ሦስተኛውን ዙር እንዲህ ቀይሩት፦ ምቱን በኤል1 መክቱ፣ ወዲያው አር2ን ተጫኑ። ይህ ጋርድ ካውንተር ይባላል፤ ጠላቱን የሚያንገዳግድ ከባድ ምት ነው። እዚህ ላይ አር2ን የለመደ ጣታችሁ በመጨረሻ ይጠቅማል። የሚበላሸው ስታሚና (የካራክተሩ ትንፋሽ) ሲያልቅ ነው። ጋሻ አንሥታችሁ ስትቆዩ አረንጓዴው መስመር በዝግታ ነው የሚሞላው፤ ስለዚህ በምትና በምት መካከል ጋሻውን አውርዱ።

ለምን ሞትኩ?

ከእያንዳንዱ ሞት በኋላ፣ ስክሪኑ እስኪመለስ ባለው ጊዜ፣ ከሚከተሉት አንዱን ስም ጥሩ።

ምቱን አላየሁትም። ካሜራው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ነበር፣ ወይም ከኋላ ሌላ ጠላት ነበር። ይህ የችሎታ ጉዳይ አይደለም፤ የቦታ ነው። ጠላቱን ወደ ሰፊ ቦታ ሳቡ፣ ብዙ ከሆኑ ድንጋይ ወይም ቀስት ወርውራችሁ አንድ በአንድ ጥሩ።

አየሁት፣ ግን ቸኮልኩ። በጣም የተለመደው ሞት ነው። እጁ ሲነሳ ሳይሆን መሣሪያው ወደ እናንተ መውረድ ሲጀምር ነው የሚሸሸው።

ስታሚና አለቀብኝ። አንድ ምት አብዝታችኋል። ሁልጊዜ ለአንድ መንከባለል የሚበቃ አስቀሩ።

ካራክተሩ ከበደ። ኤልደን ሪንግ ውስጥ የያዛችሁት ዕቃ ክብደት ከአቅማችሁ 70 በመቶ ካለፈ መንከባለሉ ዘገምተኛ ይሆናል፣ በእሱ ከቦስ ማምለጥ ከባድ ነው። ከ30 በመቶ በታች ደግሞ ቀላል ነው። አዲስ የብረት ልብስ ሲያገኝ ወዲያው ለብሶ «ጌሙ ድንገት ከበደ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ የከበደው ልብሱ ነው። በዕቃ ሜኑው ላይ ቁጥሩን ተመልከቱ፣ ካለፈ የራስ ቁሩን ወይም ሁለተኛውን መሣሪያ አውልቁ።

ሁሉን በትክክል ሠርቼ በአንድ ወይም በሁለት ምት ሞትኩ። ይህ ሲሆን ጣታችሁን ተዉት፤ ቦታው ገና የእናንተ አይደለም።

ማርጊት፣ ወይም መሄድን ማወቅ

የመጨረሻው ዓይነት ሞት በግልጽ የሚታየው ስቶርምቬል ግንብ በር ላይ በቆመው፣ ማርጊት በተባለው ቦስ ነው። ማርጊት ዱላውን አንሥቶ አየር ላይ ያቆየዋል። እጅ ሲነሳ የሚንከባለል ሰው ተንከባሎ ሲነሳ ዱላው ይወርድበታል። መድኃኒት ስትጠጡ ደግሞ የብርሃን ጩቤ ይወረውራል፤ ስለዚህ ፊቱ ቆሞ መጠጣት የለም፣ ረጅም ምቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። ደሙ እየቀነሰ ሲሄድ መዶሻ ይጨምራል።

ወቅቱን በአራቱ ዙር ተማሩት። ከዚህ ባላነሰ ግን ከበሩ ተመልሳችሁ ልትሠሩት የሚገባ ሥራ አለ፤ የክፍት ዓለም ጌም ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው። ዝርዝሩ እነሆ።

ጌትፍሮንት የተባለው ግሬስ ላይ ስታርፉ ሜሊና የተባለች ሴት ትመጣለች፤ ከእሷ በኋላ ነው ሌቭል መጨመር የሚቻለው። ቶረንት የተባለውን ፈረስም ትሰጣችኋለች። ሩናችሁን (ጠላት ስትገድሉ የምታገኙትን) መጀመሪያ ቪገር፣ ማለትም የደም መጠን፣ ላይ አውሉ፣ ቢያንስ 20 እስኪደርስ። ደም መጨመር ፈሪነት አይደለም፤ አንድ ስህተት ሠርታችሁ ቀጣዩን ምት ለማየት በሕይወት መቆየት ነው።

ቶረንትን ካገኛችሁ በኋላ ወደ ኤሌ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። ሬና የተባለች ሴት የመንፈስ መጥሪያ ደወልና የሦስት ተኩላዎች አመድ ትሰጣችኋለች። ተኩላዎቹ ቦስን ባይገድሉም ዓይኑን ይይዙላችኋል።

ጎራዴውን ሳሉ። ከ0 ወደ +3 ለማድረስ ቁጥር 1 ስሚዚንግ ስቶን የሚባል ድንጋይ ያስፈልጋል፦ መጀመሪያ 2፣ ቀጥሎ 4፣ ቀጥሎ 6፣ በድምሩ 12። ሊምግሬቭ ተነልስ የሚባለው ማዕድን ማውጫ ውስጥ ብዙ ታገኛላችሁ፣ እስከ +3 ድረስ የሚሳለውም እዚያው ኤሌ ቤተ ክርስቲያን ባለው የብረት መቀጥቀጫ ላይ ነው። ብዙ ጀማሪ ሩኑን በሙሉ ጉልበት ላይ ያፈሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ግን ጉዳትን ይበልጥ የሚያሳድገው የጎራዴው +3 ነው።

ስቶርምሂል ሻክ አጠገብ ከወርቃማ ችግኝ ሥር ጎልደን ሲድ አለ፤ የመድኃኒት ጠርሙስ ቁጥር ይጨምራል። ሦስተኛው የማሪካ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሴክረድ ቲር አለ፤ አንዱ ጉንጭ የሚመልሰውን ደም ያበዛል።

አሁንም ከከበዳችሁ፣ መርክዎተር ዋሻ ውስጥ ያለውን ፓችስን ከማረካችሁት በኋላ በ5,000 ሩን የማርጊትን ሰንሰለት ይሸጥላችኋል። በመጀመሪያው የውጊያ ክፍል ሁለት ጊዜ መሬት ላይ ያስረዋል።

ስትሞቱ ሩናችሁ በሞታችሁበት ቦታ ይቀራል፤ ሳታነሱት ዳግም ከሞታችሁ ይጠፋል። ስለዚህ ወደ ማርጊት ስትመለሱ ሩን ይዛችሁ አትሂዱ፤ መጀመሪያ አውሉት። ባዶ ኪስ የያዘ ሰው ተረጋግቶ ይማራል።

ስካይሪም፦ የምትሠሩት ነው የሚያድገው

እዚህ ሌላ ዓይነት ትምህርት ነው። ስካይሪም 18 ክህሎቶች አሉት፤ እያንዳንዱ የሚያድገው በመጠቀም ነው። በአንድ እጅ ጎራዴ ስትመቱ የአንድ እጅ ክህሎት ያድጋል፣ በጋሻ ስትመክቱ የመመከት ክህሎት፣ ጠላት ሲመታችሁ ደግሞ የለበሳችሁት ልብስ ክህሎት። የክህሎቶቹ ድምር ሌቭላችሁን ያሳድጋል፣ ሌቭላችሁ ሲያድግ ብዙ ጠላቶችም አብረው ያድጋሉ።

ወጥመዱ እዚህ ነው። አንጥረኝነት፣ መድኃኒት ቅመማና ቁልፍ መስበር ደስ ይላሉ፣ ቶሎም ያድጋሉ። ሦስቱን ብቻ ከፍ አድርጎ ሌቭል 15 የደረሰ ሰው፣ የ15 ጠላት ፊት የጀማሪ ጎራዴ ይዞ ይቆማል። መውጫው ቀላል ነው፦ አንድ የማጥቂያ ክህሎትና አንድ የልብስ ክህሎት ከመጀመሪያው ያዙ፣ በየሌቭሉ የሚሰጣችሁን አንድ የፐርክ (የክህሎት ማጠናከሪያ) ነጥብ ቢያንስ እስከ ሌቭል 10 ሌላ ቦታ አትበትኑ። የደከመ የውጊያ ክህሎት ካላችሁ ገንዘብ ከፍላችሁ ከአሠልጣኝ በአንድ ሌቭል እስከ 5 ጊዜ መማር ይቻላል።

ከሄልገን ወደ ሪቨርዉድ በሚወስደው መንገድ ላይ ሦስት የቆሙ ድንጋዮች አሉ። የጦረኛውን ድንጋይ ንኩ፤ የውጊያ ክህሎቶች በ20 በመቶ ፈጥነው ያድጋሉ። በሆቴል አልጋ ተኝታችሁ ስትነሱ ደግሞ ለ8 የጌም ሰዓት 10 በመቶ ይጨመራል።

ልምምዱን ሪቨርዉድ አጠገብ ባለው ኤምበርሻርድ ማዕድን ማውጫ ጀምሩ። ጠባብ ስለሆነ ሽፍቶቹ በአንድ ጊዜ አይከቡም። አንድ ነገር ብቻ ልመዱ፦ ሽፍታው ለከባድ ምት መሣሪያውን ወደ ኋላ ሲስብ፣ ጋሻ አንሥታችሁ የመምቻውን ቁልፍ ተጫኑ። ጋሻው ይገፋዋል፣ ምቱ ይቋረጣል፣ እናንተ ትመታላችሁ። ስካይሪም የሚንከባለል ካራክተር ይዞ ስለማይጀምር፣ ይህን የማያውቅ ሰው ውጊያውን ሁሉ መድኃኒት እየጠጣ ነው የሚጨርሰው። ሜዳ ላይ የሚያገኙትን ግዙፍ ሰው ደግሞ በዝቅተኛ ሌቭል አትቅረቡት፤ በአንድ ዱላ ሰማይ ይሰድዳችኋል።

በኮምፒውተር ኤፍ5 ፈጥኖ ሴቭ ያደርጋል፣ ኤፍ9 ይመልሳል። ለልምምድ ጥሩ ነው፤ ከውጊያው በፊት እንጂ በመሃል አትጠቀሙበት። በየምቱ ሴቭ የሚያደርግ ሰው ጌሙን ይጨርሳል፣ ውጊያ ግን አይለምድም።

ሌሎቹን ባጭሩ። ዊቸር 3 ላይ ለአውሬ የብር ጎራዴ፣ ለሰው የብረት፤ ውጊያ ሳይጀመር ክዌን የተባለውን መከላከያ አብሩ፣ ቤስቲያሪውን ከፍታችሁ የአውሬውን ድክመት አንብቡ። እንግሊዝኛው ቢከብድ እንኳ የዘይቱና የአስማቱ ምስል ራሱ ይበቃል። ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ ላይ ወደ ጎን የሚጠርግ ምት ሲመጣ ወደ ኋላ ዝለሉ፣ ከላይ የሚወርድ ወይም የሚወጋ ሲመጣ ወደ ጎን። በትክክለኛው ቅጽበት ከዘለላችሁ ጊዜው ይቀዘቅዝና በተከታታይ ትመታላችሁ። ካካሪኮ መንደር አጠገብ ያለው የታሎ ናግ መቅደስ ይህን ያስተምራል፤ አትለፉት። ጎስት ኦፍ ሱሺማ ላይ ቀይ ብልጭታ ያለው ምት አይመከትም፣ ሽሹት። አቋቋማችሁን ከጠላቱ ጋር አስማሙ፦ ለጎራዴ ድንጋይ፣ ለጋሻ ውኃ፣ ለጦር ነፋስ፣ ለግዙፉ ጨረቃ።

በሰዓት እየከፈሉ መጫወትና የጅማ መብራት

ፕሌስቴሽን ቤት በሰዓት የምትከፍሉ ከሆነ ሰዓቱን ለአንድ ነገር መድቡ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ተራ ጠላት ላይ ጣት ማሟሟቅ፣ ከዚያ ሰላሳ ደቂቃ አንድ ቦስ ወይም አንድ ልምምድ፣ የቀረውን መዞር፣ ዕቃ መፈለግ። በተከታታይ ሦስት ጊዜ በአንድ ዓይነት ምክንያት ከሞታችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ፤ የደከመ ጣት ስህተቱን ራሱን ነው የሚለማመደው። ኤልደን ሪንግ ሜኑ ስትከፍቱ አይቆምም። ስልክ ሲደወል ግሬስ ላይ ካልሆናችሁ አታንሱ።

ሴቭ የሚቀመጠው ኮንሶሉ ላይ በተከፈተው ተጠቃሚ ስም ሥር ነው። ባለቤቱን ጠይቃችሁ የራሳችሁ ተጠቃሚ ይከፈት፤ አለዚያ ከእናንተ ቀጥሎ የሚገባው ሰው አዲስ ጌም ሲጀምር የእናንተን ሊያጠፋ ይችላል። ፕሌስቴሽን 4 ላይ ከሴቲንግ የሴቭ ማስተዳደሪያ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ፍላሽ መቅዳት ትችላላችሁ። ፕሌስቴሽን 5 ግን የራሱን ጌሞች ሴቭ ወደ ፍላሽ አይቀዳም።

በክረምት፣ ነጎድጓዱ ሲበረታ መብራት ብልጭ ብሎ የመጥፋት ነገር አለ። ኤልደን ሪንግ በየጊዜው በራሱ ሴቭ ያደርጋል፣ ነገር ግን ሴቭ እያደረገ ሳለ መብራት ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ዳመናው ሲጠቁር ከሜኑው ውስጥ ከጌሙ ውጡ፤ በቀጥታ ከሶኬት አትንቀሉ። በዴስክቶፕ የምትጫወቱ ትንሽ ዩፒኤስ ብትይዙ በሥርዓት ለመውጣት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። ኮምፒውተር ላይ የኤልደን ሪንግ ሴቭ ያለው አፕዳታ ውስጥ፣ ሮሚንግ ከሚለው ሥር፣ የጌሙን ስም የያዘ ፎልደር ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ስካይሪም ደግሞ ዶክመንትስ ውስጥ፣ ማይ ጌምስ ከሚለው ሥር። ጌሙን ዘግታችሁ ፎልደሩን በሙሉ ፍላሽ ላይ ቅዱት፣ በየቀኑ ቀን ጻፉበት፣ ቢያንስ የመጨረሻዎቹን ሦስቱን አቆዩ። አንዱ ቅጂ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል አንድ ብቻ ማስቀመጥ አይበቃም።